ጠመኔ የተቀባ ጅማት

ባለፈው ዓመት ኅዳር ውስጥ፣ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ገደማ፣ ከደብረ ማርቆስ ወጣ ብሎ በሚገኝ የግጦሽ መስክ ላይ ቆሜ ስድስት ቀስት ወረወርሁ። ዒላማው 18 ሜትር ርቀት ላይ ነበር። ስድስቱም ወደ ግራ ሄዱ። ሁለቱ የዒላማውን ጠርዝ ይዘው ቀሩ፤ አራቱ ከጎኑ በተከመረው ጭድ ውስጥ ተሰገሰጉ። ሣሩ በውርጭ ነጭ ሆኖ ነበር፤ ስረግጠው ከጫማዬ ሥር ይንኮሻኮሻል። ከሳምንት በፊት በዚያው ቦታ፣ ፀሐይ ሞቅ ካለች በኋላ፣ በሸሚዝ ብቻ ሆኜ ስወረውር ከስድስቱ አምስቱ መሀሉን አግኝተው ነበር። ደጋኑ ያው ነው፤ ቀስቶቹም ያው ናቸው። የተለወጠው የለበስሁት ነው፤ ያን ጠዋት ጥቁር ሰማያዊ ጃኬቴን ደርቤ ነበር።

ምክንያቱን የነገረኝ ጆሮዬ ነው። ጅማት ሲለቀቅ አየር ብቻ ካገኘ ድምፁ አጭርና ጥርት ያለ ነው። የዚያን ቀን ግን ከድምፁ ጋር ሌላ ድምፅ ተከትሎ ይመጣ ነበር፤ ጨርቅ በፍጥነት ሲታሽ የሚሰማው ዓይነት። 22 ዓመት በልብስ ስፌት ኖሬ ያንን ድምፅ አልስተውም። ጅማቱ እጅጌዬን እየላሰ ነበር የሚያልፈው።

ስሞቹን ላስቀድም። ደጋን የምለው የሚለጠጠውን እንጨት፣ ጅማት የምለው በሁለቱ ጫፎቹ መካከል የተወጠረውን ገመድ፣ ቀስት የምለው ተወርዋሪውን ነው። የእኔ ደጋን ጅማት ከከብት የወጣ አይደለም፤ ዳክሮን ከሚባል የፖሊስተር ክር የተሠራ ነው። ቢሆንም ጅማት እለዋለሁ፤ እናቴም የምትለው እንደዚያ ነው።

ያደግሁት ከደጋን ድምፅ ጋር ነውና። እናቴ ጥጥ ትነድፍ ነበር። ተዳምጦ ፍሬው የወጣለትን ጥጥ ምንጣፍ ላይ ትከምርና ደጋኑን በግራ እጇ ይዛ፣ ጅማቱን ጥጡ ውስጥ እየከተተች በቀኝ እጇ ትመታዋለች። ጅማቱ ሲነዝር ጥጡ ይፍታታል፣ ይነሣል፣ ሰማይ ላይ እንደሚታይ ስስ ደመና ይሆናል። ከዚያ አመልማሎ ሆኖ በእንዝርት ይፈተላል፤ ሸማኔ ዘንድ ይሄድና ጋቢ ሆኖ ይመለሳል። ቤታችን ውስጥ የነበረው ጋቢ ሁሉ አንድ ቀን በዚያ ጅማት ሥር ያለፈ ነው። እናቴ ለመንደፍ ከመቀመጧ በፊት ሁልጊዜ ሁለት ነገር ታደርግ ነበር፤ የነጠላዋን ጫፍ ወደ ኋላዋ ትጥለዋለች፣ የግራ እጅጌዋን እስከ ክርኗ ትሰበስበዋለች። እኔ ልጅ ሆኜ በጋቢ ተጠቅልዬ ልጠጋት ስል «ራቅ በል ልጄ፤ ጅማት ጨርቅ ይወዳል» ትለኝ ነበር።

ስለዚህ ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ የሰውነት ማጎልመሻ መምህር የሆነ ወዳጄ ዘመዱ ከውጭ ያመጣለትን ደጋን ይዞ ከረጢት እንድሰፋለት ወደ ሱቄ ሲመጣ፣ ዕቃው አዲስ አልሆነብኝም። ልኬቱን ልወስድ ስይዘው እጄ አወቀው። ከረጢቱን ሰፋሁለት፤ እሱም አወራወሩን አስተማረኝ። ዛሬ የራሴ አለኝ። ለመሳብ የሚጠይቀው ኃይል 26 ፓውንድ፣ ማለትም 12 ኪሎ ግራም ገደማ ነው።

ስለ ብርዳችን መናገር አለብኝ፤ ቆላ የሚኖር አንባቢ የምለው ላይገባው ይችላል። በቀድሞው ጎጃም ክፍለ ሀገር ሥር በነበረው በመተከል ቆላ የጉሙዝ ሕዝብ በደጋንና ቀስት ሲያድን ኖሯል። እዚያ በክንድና በጅማት መካከል የሚገባ ወፍራም ጨርቅ የለም፤ ሙቀቱ አያስለብስም። ደብረ ማርቆስ ግን ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ከበላይዋ ደግሞ ከ4,000 ሜትር የሚያልፈው ጮቄ አለ። ጮቄ ላይ ገብስና ድንች የሚያመርተው ገበሬ ባናውን ከትከሻው አያወርድም። ብርዳችንም ሁለት ዓይነት ነው። የሐምሌና የነሐሴው ከጉምና ከዝናብ ጋር የሚመጣ እርጥብ ብርድ ነው፤ ጋቢን አክብዶ ወደ ታች ይጎትታል። የኅዳርና የታኅሣሡ ደረቅ ነው፤ ሰማዩ ጥርት ብሎ ያድርና ማለዳ መስኩን ያነጣዋል። ለእኔ ደግሞ ከሱቅ በፊት ያለችው ማለዳ ናት ዋናዋ የመወርወሪያ ጊዜዬ። ስለዚህ ብርዱን መሸሽ አልችልም።

ወደዚያ ቀን ልመለስ። ቤት ስገባ ጨርቅ ላይ የማሰምርበትን ነጭ ጠመኔ አነሣሁ። በማግስቱ ማለዳ ጅማቱን ከላይ እስከ ታች በጠመኔው አሸሁት፤ ያንኑ ጥቁር ሰማያዊ ጃኬት ለብሼ ሦስት ቀስት ብቻ ወረወርሁ። ከዚያ ጃኬቱን ቀስ ብዬ አውልቄ፣ ሳላራግፈው ሱቅ ወስጄ መስኮቱ ሥር ካለው የመቁረጫ ጠረጴዛ ላይ ዘረጋሁት።

ጠመኔው ሁሉንም ጽፎታል። የመጀመሪያው መስመር በግራው እጅጌ በውስጥ በኩል ነበር። ከእጅ አንጓ አራት ጣት ከፍ ብሎ ጀምሮ ወደ ክርን የሚወጣ፣ 11 ሴንቲ ሜትር የሚረዝም፣ በመርፌ የተሰመረ የሚመስል ቀጭን ነጭ መስመር። ጠጋ ብዬ ሳየው ደግሞ የተቋረጠ ነው። ጨርቁ ክንዴ ላይ ተኝቶ በነበረበት ቦታ ምንም ምልክት የለም፤ ነጩ ያረፈው ጨርቁ ተነሥቶ ባበጠባቸው ሦስት እጥፋቶች ጫፍ ጫፍ ላይ ብቻ ነው። ሁለተኛው ምልክት በግራ ደረቴ የኪስ ክዳን ላይ፣ ከቁልፉ አጠገብ ነበር፤ አጭርና የደበዘዘ። ሦስተኛው አስገረመኝ። ኮሌታዬ ጫፍ ላይ፣ ከአገጬ ሥር፣ እንደ ዱቄት የተበተነ ነጭ አገኘሁ።

ያን ጃኬት የሰፋሁት እኔ ራሴ ነኝ። ስፌቱ ደኅና ነው፤ ለቆመና ለሚራመድ ሰው ምንም አይወጣለትም። ለሚወረውር ሰው ግን አልተሰፋም። ከዚያ ቀን በኋላ የጸናሁበት ሐሳብ ይህ ነው፦ በብርድ ጊዜ ወርዋሪን የሚያስቸግረው ከወፍራም ጨርቅ ይልቅ ልቅ ጨርቅ ነው። ክንድ ላይ የተኛ ወፍራም ሹራብ ብዙ ጊዜ ይተርፋል፤ እንደ ፊኛ የተነፋ ስስ ሸሚዝ ግን ይያዛል። ሰውነታችንን በሙሉ ማራቆት ወይም በሙሉ ማጥበቅ አያስፈልግም። ጅማቱ የሚያልፍበት መንገድ የታወቀ ነው፤ ያንን መንገድ መጥረግ ይበቃል።

መንገዱ ለምን ሰፋ እንደሚል ማወቅ ይጠቅማል። ጅማት በጣት ሲለቀቅ ቀጥ ብሎ ወደ ፊት አይሄድም። ከጣቶቹ ጫፍ ላይ ተንከባሎ ሲወጣ መጀመሪያ ወደ ወርዋሪው አካል ያዘነብላል፤ ከዚያ እየተወዛወዘ ወደ ቦታው ይመለሳል። በቀኝ እጁ ለሚስብ ሰው ይህ ማለት ወደ ግራ፣ ወደ ደረቱና ደጋን ወደያዘው ክንዱ ማለት ነው። ቀስቱ ገና ጅማቱ ላይ ሳለ ጨርቅ ጣልቃ ከገባ አቅጣጫው ተበላሸ፤ ብዙ ጊዜ ወደ ግራ ይሄዳል። ቀስቱ ከወጣ በኋላ ከሆነ ደግሞ ክንዳችንን ይለበልበናል እንጂ ቀስቱን አያስተውም። የእኔ ስድስት ቀስቶች የመጀመሪያው ዓይነት ነበሩ።

መቀስ ከማንሣቴ በፊት ወዳጄ አቋቋሜን እንዳይ መከረኝ፤ ትክክል ነበር። ደጋን የያዝሁበትን ክንድ ክርን ወደ ውጭ አዞርሁት፤ የክርኑ ሆድ ወደ ሰማይ ከማየት ወደ ጎን ሲያይ የክንዱ ሥጋ ከጅማቱ ይርቃል። ትከሻዬን ዝቅ አደረግሁ። የግራ እግሬን ትንሽ ወደ ኋላ ስቤ ሰውነቴን በጥቂቱ ወደ ዒላማው ከፈትሁ። በሸሚዝ ለሚወረውር ሰው ይህ ብቻ ይበቃው ይሆናል።

ከዚህ በኋላ የእኔ ሙያ ነው። የግራ ክንዴ ከክርን በታች ወፍራም ቦታው ዙሪያው 28 ሴንቲ ሜትር ነው። ሹራብ ስጨምርበት 32 ሆነ። የጃኬቱ እጅጌ በዚያ ቦታ 46 ነበር። 14 ሴንቲ ሜትር ጨርቅ ሥራ ፈትቶ ይወዛወዛል ማለት ነው። እጅጌውን ፈትቼ ወደ 34 አወረድሁት። ስፌቱንም ከውስጥ በኩል አንሥቼ ወደ ውጭ በኩል አዞርሁት፤ ሁለት ጨርቅ የተጋጠመበት ጉብታ ጅማት በሚያልፍበት በኩል መሆን የለበትም። እጅ እንዲያስገባ ከክንዱ በስተጀርባ አጭር ዚፕ አስገባሁለት። ጅማቱ ዚፑን በፍጹም አያገኘውም።

ብዙዎች የማያስቡት ብብት ነው። ክንድ ወደ ትከሻ ከፍታ ሲነሣ ተራ ጃኬት ብብቱ ላይ ይያዝና የደረቱን ጨርቅ በሙሉ ወደ ላይ ይጎትተዋል። የተጎተተው ጨርቅ የሚከመረው ደግሞ ጅማቱ ከሚያልፍበት ከግራ ደረት ላይ ነው። ስለዚህ ደረትን ማጥበብ ከንቱ ነው፤ ማስፋት ያለብን ብብቱን ነው። ብብቱን ተርትሬ የመዳፍ ስፋት ያላት ባለ አራት ማዕዘን ጨርቅ ገጠምሁበት። አሁን ክንዴን ሳነሣ ደረቴ ባለበት ይቆያል። በቀረውም የግራ ደረቱን ኪስ ከነቁልፉ ነቀልሁ፤ ከግራ ደረቱ ገበር ውስጥ ሙሌቱን አውጥቼ ጀርባው ላይ ጨመርሁት። ጀርባዬ ከበፊቱ ይልቅ ይሞቀኛል።

ከላይ ደግሞ ከፍየል ቆዳ የክንድ መከላከያ ሠራሁ፤ ከአንጓ እስከ ክርን አጠገብ የሚደርስ፣ በሦስት ላስቲክ የሚታሰር። በሱቅ የሚሸጡት አጫጭሮች ባዶ ክንድን ከመለብለብ ያድናሉ፤ የብርድ ልብስ ላይ ግን የመከላከያው ዋና ሥራ ጨርቁን አስተኝቶ መያዝ ስለሆነ ርዝመት ያስፈልገዋል። መታሰር ያለበትም ከእጅጌው በላይ ነው።

ኮሌታው ላይ የተበተነው ዱቄት ለብቻው ጉዳይ ነው። ጅማቱን ስበን ስንጨርስ እጃችን አገጭ ሥር ያርፋል፣ ጅማቱም አገጭንና የአፍንጫን ጫፍ ይነካል። ዓይናችን የሚለካው ከዚያ ቦታ ተነሥቶ ነው። ሻርፕ ወይም ከፍ ያለ ኮሌታ መሀል ከገባ እጃችን በየጊዜው ሌላ ቦታ ያርፋል፤ ቀስቱም አንዴ ከፍ አንዴ ዝቅ ይላል። ኮሌታውን ወደ ውስጥ አጥፌ ሰፋሁት፤ አንገቴን የሚያሞቅልኝ አሁን አንገት ላይ ጥብቅ ብሎ የሚቀመጥ የሹራብ ቱቦ ነው። ማተብ ከልብስ ውጭ ከተንጠለጠለ ወደ ውስጥ ይግባ። ከጃኬት ኮፍያ የሚንጠለጠል ክርም እንዲሁ። ባርኔጣ የሚያደርግ ሰው ጠርዙ ጅማቱን እንዳይነካ ይጠንቀቅ፤ እኔ የሹራብ ኮፍያ አደርጋለሁ።

አዲስ ልብስ የለበሰ ሰው ቀስት ሳይወረውር በፊት ደጋኑን ቀስ ብሎ ይሳብ፣ ሌላ ሰው ከፊት ለፊት ቆሞ ሳይሆን ከጎን ሆኖ ይይለት፣ ከዚያ ጅማቱን እንደያዘ ቀስ ብሎ ይመልሰው። ቀስት ሳይኖርበት ጅማት አይለቀቅም። ኃይሉ የሚሄድበት ሲያጣ ደጋኑን ሊሰብረው ይችላል።

ከወዳጄ ጋር የማንስማማበት አንድ ነገር አለ። እሱ «ካፖርትህን አውልቅ፣ ወርውር፣ መልሰህ ልበስ፤ ምን ያስቸግራል?» ይላል። እኔ አይዋጥልኝም። የቀዘቀዘ ጡንቻ እኩል አይስብም፤ የቀዘቀዘ ጣት በጊዜው አይለቅም። ስድስት ቀስት ወርውሮ እስኪጨርስ በሸሚዝ የቆመ ሰው አምስተኛውና ስድስተኛው ላይ ትከሻው ተጨምድዷል፤ ይህን በእሱም ላይ አይቻለሁ። ሙቀቱ ከሰውነት ጋር መቆየት አለበት። የሚያዋጣው ሰደርያ ነው። ወፍራም ሰደርያ ደረትና ጀርባን ያሞቃል፣ ክንዶቹን ነፃ ይተዋል፤ ከሥሩ ክንድ ላይ የሚተኛ ጥብቅ ሹራብ ይበቃል። ጃኬት የሌለው ሰው ከዚህ ይጀምር፤ ወጪውም ትንሽ ነው።

ጋቢንም አልተውሁትም። እንደ ልማዳችን በትከሻ ጣል ሲደረግ ከጅማት ጋር በፍጹም አይስማማም፤ ጫፉ ይወርዳል፣ ይነፍሳል፣ ይያዛል። ነገር ግን አባቶቻችን ለሥራና ለአክብሮት የሚያደገድጉት አለባበስ አለ። ጋቢውን ወገብ ላይ አጥብቆ መታጠቅ። ወገብና ጉልበት ይሞቃሉ፣ ደረትና ክንድ ነፃ ይሆናሉ። ቀስቶቼን ለመልቀም ወደ ዒላማው ስሄድ ፈትቼ እከናነበዋለሁ፤ ቀኝ እጄንም ውስጡ አሞቀዋለሁ። ለመሳቢያ ጣቶቼ ቁራጭ ቆዳ እንጂ ጓንት አላደርግም፤ በወፍራም ጓንት ጅማቱ መቼ እንደሚለቅ አይታወቅም።

በጥር ወዳጄ ከሚያስተምራቸው አንዷን የ10ኛ ክፍል ተማሪ ይዞልኝ መጣ። ግራ ክንዷ ከክርን በታች በልዟል። የለበሰችው ሹራብ እጅጌው ሰፊ፣ አሠራሩ ልቅ፣ ጅማት ለመያዝ የተዘጋጀ የሚመስል ነበር። ላጥብብልሽ አልኋት።

«አይሆንም ጋሼ፣ አያቴ ናት የሠራችልኝ። መቀስ እንዲነካው አልፈልግም።»

አከበርሁላት። አሮጌ መቀነት ነበረኝ፤ አራት ጣት የሚሰፋ፣ ከሁለት ሜትር ያላነሰ ቁራጭ አወጣሁ። አጠማጠሙ ላይ ግን ጥንቃቄ አለ። ጅማቱ ክንድ ላይ የሚያልፈው ከክርን ወደ አንጓ ነው። ከክርን ጀምረን ወደ አንጓ ብንጠመጥም እያንዳንዱ ጠርዝ ወደ ክርን ይከፈትና የሚመጣውን ጅማት አፉን ከፍቶ ይቀበለዋል። ከአንጓ ጀምረን ወደ ክርን ስንጠመጥም ግን የላይኛው ዙር የታችኛውን ይደፍነዋል፤ የሣር ቤት ክዳን ከታች ተጀምሮ ወደ ላይ እንደሚከደን ማለት ነው። ዝናቡ እንደሚንሸራተት ጅማቱም ይንሸራተታል። ጠመጠምሁላት፤ ጫፉን ከክርኗ በላይ በስተውጭ ደብቄ ወጋሁት። የአያቷ ሹራብ ተጋድሞ ተኛ። ከሱቄ በስተጀርባ ደጋኑን ሦስት ጊዜ ሳበችና መለሰች፤ ጅማቱ እጅጌዋን የነካበት ቦታ አልነበረም። ከዚያ ቅዳሜ ጀምሮ እኛ ጋ መስኩ ላይ ትመጣለች፤ መቀነቱንም ራሷ ትጠመጥመዋለች፣ ከአንጓ ወደ ክርን።

ጃኬቴን አድሼ የጨረስሁ ዕለት ጅማቱን እንደገና ጠመኔ ቀብቼ ሦስት ቀስት ወረወርሁ። እጅጌው ላይ ምንም የለም። ደረቱ ላይ ምንም የለም። ኮሌታው ንጹሕ ነው። ሦስቱም ቀስቶች የዒላማው መሀል በሆነው ቢጫ ውስጥ ገቡ ብዬ አልዋሽም፤ አንዱ በዙሪያው ባለው ቀይ ላይ ነበር፤ ወደ ግራ ግን አልሄደም።

ከመስኩ ስመለስ እናቴ ዘንድ ጎራ አልሁ። ጥጥ መንደፍ ካቆመች ቆይታለች፤ ዓይኗም ደክሟል። ጃኬቴን በእጇ ዳበሰችና «ግራውን ለምን አጠበብኸው?» አለችኝ። መልስ ከመስጠት ደጋኑን ከከረጢቱ አውጥቼ ጭኗ ላይ አኖርሁላት። እንጨቱን ከላይ እስከ ታች ዳሰሰችው። ከዚያ፣ ጅማቱን በጣቷ ከመንካቷ በፊት፣ የነጠላዋን ጫፍ ወደ ኋላዋ ጣለችና የግራ እጅጌዋን እስከ ክርኗ ሰበሰበች።